የወረቀት ሴራሚክ
ለአሻንጉሊት ቤትም ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም የሚያገለግል የእጅ ሥራ



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ለአራተኛ ክፍል ሒሳብ መርጃ እንዲሆነኝ ብዬ ከካርቶን አንዲት ትንሽ የአሻንጉሊት ቤት ሠርቼ ነበር። ቤቷ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ወጥ ቤት አላት። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ሴራሚክ የተለጠፈበት እንዲመስል በነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን አሰመርኩና በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩት። ማታ ሲያዩት ደኅና ነበር። ጧት ስነሣ ግን ግድግዳው እንደ ደረቀ እንጀራ ተጣሞ፣ ጥጉ ተገንጥሎ ጠበቀኝ። ምን ላድርግ? እንደዚያው ይዤው ክፍል ገባሁ። አንዲት ተማሪ ቀረብ ብላ አየችውና «ቲቸር፣ ይሄ ሴራሚክ አይደለም፤ ደብተር ነው» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ የዕለቱም ትምህርት በዚያው ተበላሸ።

ልጅቷ ልክ ነበረች። የትምህርት መርጃ መሣሪያ እውነቱን ካላስመሰለ ተማሪው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ መሣሪያው ጉድለት ያስባል። ስለዚህ ስሕተቴ የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ነገሩን ደጋግሜ ሞከርኩት። ያገኘሁትን ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

1ኛ/ በቅድሚያ መስፈርቱን መወሰን

የአሻንጉሊት ቤት የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚከተሉት መስፈርት፣ በተለምዶ ስኬል የምንለው፣ 1 ለ12 ነው። ይህ የመጣው ከእንግሊዞች የጫማና የኢንች አለካክ ነው፤ አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ የእውነተኛው ቤት አንድ ጫማ በአሻንጉሊቱ ቤት አንድ ኢንች ይሆናል። በዚህ መስፈርት ከተሠሩት መካከል ዝነኛው ከ1921 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. በአርክቴክት ኤድዊን ሉትየንስ ንድፍ የተሠራው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት ነው። ዛሬ በእንግሊዝ አገር በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ይገኛል። በቧንቧው ውኃ ይወርዳል፤ መብራቱ ይበራል፤ አሳንሰሩም ይሠራል።

ለእኛ ተማሪዎች ግን 1 ለ12 አይመችም። እነርሱ የሚማሩት በሜትርና በሳንቲ ሜትር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ በ1 ለ12 ሲቀንስ 12 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ልጁን ከማስተማር ይልቅ ያደናግረዋል። በ1 ለ10 ብንሠራ ግን ያው ሴራሚክ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማለትም የእውነተኛው ቤት ሳንቲ ሜትር በአሻንጉሊቱ ቤት ሚሊ ሜትር ሆኖ ይነበባል። ማስመሪያ የያዘ ልጅ ሁሉ ይገባዋል።

ስለዚህ የወጥ ቤቱ ግድግዳ 3 ሜትር ርዝመት ቢኖረውና ሴራሚኩ እስከ 1 ሜትር ከ50 ቢለጠፍ፣ የእኛ ግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር በ15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ረድፍ 20፣ ወደ ላይ 10 ረድፍ፣ በድምሩ 200 ሴራሚክ ያስፈልጋል።

2ኛ/ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ወፍራም ካርቶን ለመደቡ፤ የመድኃኒት ወይም የሻይ ቅጠል መያዣ ቀጭን ካርቶን ለሴራሚኩ፤ ግራጫ ወረቀት፤ ነጭ ቀለም፤ የአናጢ ነጭ ኮላ፤ ቫርኒሽ ወይም ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፤ ምላጭ፤ የብረት ማስመሪያ፤ ወረንጦ፤ ማንኪያ፤ የጠመኔ ብናኝና ጥቂት የከሰል ዱቄት። የጠመኔውን ብናኝ ከሰሌዳው ሥር ጠርገን የምንጥለው ነው፤ ከእንግዲህ አንጣለው።

እውነተኛ የግድግዳ ሴራሚክ ውፍረቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን በ1 ለ10 ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቀጭኑ ካርቶን የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። የደብተር ወረቀት በጣም ስስ ነው፤ የጫማ ካርቶን ደግሞ ይወፍራል።

3ኛ/ ወረቀት ለምን ይጣመማል?

የእኔ ግድግዳ የተጣመመው ሙጫው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ወረቀት የተሠራው ከእንጨት ወይም ከሌላ ተክል ጥቃቅን ክሮች ነው። እነዚህ ክሮች ውኃ ሲጠጡ ይነፋሉ፤ የሚነፉትም ይበልጡን ወደ ጎን እንጂ ወደ ርዝመታቸው አይደለም። ሲደርቁ መልሰው ይሰበሰባሉ። በአንድ ወገን ብቻ ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን ሲደርቅ የተለጠፈው ወረቀት እየተሰበሰበ ካርቶኑን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ውጤቱ ያ የደረቀ እንጀራ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በፊት ለፊት የተለጠፈውን ያህል ወረቀት በጀርባውም መለጠፍ ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲጎትቱ መደቡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሁለቱም ክሮች አቅጣጫ አንድ መሆን አለበት። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳያጥፉ ቀለስ ማድረግ ይበቃል። በአንድ በኩል እሺ ብሎ ይቀለሳል፤ በሌላው በኩል ያስቸግራል። እሺ ብሎ ሲቀለስ ክሮቹ በመቀለሻው መስመር ትይዩ ተኝተዋል ማለት ነው። ከተለጠፈ በኋላም በጋዜጣ ጠቅልሎ ከከባድ መጻሕፍት ሥር ማሳደር ይገባል።

4ኛ/ አሠራሩ

ሀ/ መደቡን ማዘጋጀት፦ ወፍራሙን ካርቶን በ30 በ15 ሳንቲ ሜትር መቁረጥና ከላይ በተባለው መንገድ በሁለቱም ወገን ግራጫ ወረቀት መለጠፍ ነው። ግራጫው በሴራሚኮቹ መካከል ለሚታየው መገጣጠሚያ ጥላ ይሆናል። ሲደርቅ በየ15 ሚሊ ሜትሩ በቀጭን እርሳስ ወደ ጎንና ወደ ታች ማስመር።

ለ/ የሴራሚኩን ካርቶን መቀባት፦ አንድ ዓይነት ነጭ ብቻ አንቀባም። በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ሴራሚክ ሁሉ መልኩ አንድ አይሆንም፤ አንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ግራጫ ያደላል። ስለዚህ ነጩን ቀለም ከሦስት ከፍሎ በአንዱ የመርፌ ጫፍ ታህል ቢጫ፣ በሌላው ያንኑ ያህል ግራጫ መጨመር ነው። ሲለጠፍ ሦስቱን ማደባለቅ። ዓይን ልዩነቱን ለይቶ አያየውም፤ ግድግዳው ግን ሕይወት ያገኛል። ቀለሙ ሲደርቅ ኮላውን በእኩል ውኃ አቅጥኖ አንድ ጊዜ በላዩ መቀባት። ይህ የካርቶኑን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ይህ ሳይደረግ የዘይት ቫርኒሽ ቢቀባ ካርቶኑ ዘይቱን ጠጥቶ እንደ ቅቤ መጠቅለያ ይሆናል።

ሐ/ መለካትና መቁረጥ፦ ሴራሚኩ 14 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር፣ መገጣጠሚያው ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በድምሩ 15 ይመጣል። መጀመሪያ ካርቶኑን በረጃጅም ጥብጣብ መቁረጥ፣ ከዚያ ጥብጣቡን በአራት ማዕዘን መቆራረጥ ይቀላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል! እያንዳንዱን ጥብጣብ ከፊተኛው መስመር እየተነሡ መለካት አይገባም። በእያንዳንዱ ላይ ሩብ ሚሊ ሜትር ብንሳሳት በሃያኛው 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም የአንድ ሴራሚክ ሲሶ ነው። ማስመሪያውን ከዜሮው ሳያነሡ 14.5፣ 29፣ 43.5፣ 58 እያሉ ምልክት ማድረግ ነው። ምላጩንም በአንድ ጊዜ ተጭኖ ከመቁረጥ ሦስት ጊዜ በቀላሉ ማመላለስ ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

መ/ ጠርዙን ማለዘብ፦ የተቆረጠው ካርቶን ጠርዙ ስለት ነው፤ የእውነተኛው ሴራሚክ ጠርዝ ግን በመስታወታማው ልባስ ምክንያት ክብ ይላል። የእያንዳንዱን አራት ጠርዝ በማንኪያ ጀርባ ሳብ ሳብ ማድረግ ነው። ሁለት መቶ ጊዜ አራት ስምንት መቶ ነው፤ አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ብርሃን ሲያርፍበት ሴራሚክ የሚያስመስለው ይህ ነው። ዛሬ የሴራሚክ ሥዕል በኮምፒዩተር አትሞ መለጠፍ ይቻላል፤ ከሩቅ ያምራል። በመስኮት አጠገብ ሲቆም ግን ጠርዝም ጥላም ስለሌለው ሥዕልነቱ ይጋለጣል።

ሠ/ መለጠፍ፦ ከታችኛው ረድፍ መጀመር። ሴራሚኩ የተቆረጠበትን ካርቶን ቁራጭ በጠርዙ አቁሞ በሁለቱ መካከል ቢያስገቡት መገጣጠሚያው በትክክል ይወጣል። ኮላው ነጠብጣብ ብቻ ይሁን፤ ሲበዛ በጎን ይወጣል። ግድግዳው ለሴራሚኩ ልክ ካልመጣስ? ለምሳሌ 31 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከአንድ ጥግ ጀምሮ 20 ከለጠፉ በሌላው ጥግ የ1 ሳንቲ ሜትር ስንጣሪ ይቀራል፤ ያስጠላል። ጥሩ ግንበኛ ከመካከል ይጀምራል። 19 ሙሉ ይለጥፍና በሁለቱ ጥግ 12 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር እኩል እኩል ያስገባል።

ረ/ ማንጸባረቅ፦ ኮላው ሲደርቅ የቀጠነ ኮላ በጠቅላላው ላይ አንድ ጊዜ መቀባት፤ የተቆረጡት ጠርዞች ውኃ እንዳይጠጡ ይከላከላል። ከዚያ ቫርኒሹን ስስ አድርጎ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እያደረቁ መደረብ። አንድ ጊዜ አወፍሮ መቀባት ይዝረከረካል። ይህ የሚሠራው መስኮት ተከፍቶ ነው፤ የቫርኒሽም ሆነ የጥፍር ቀለም ሽታ ራስ ያዞራል፤ እሳትም ይስባል።

ሰ/ ቦያካ መሙላት፦ የጠመኔውን ብናኝ በወንፊት ነፍቶ፣ ለመልኩ ጥቂት ከሰል ጨምሮ፣ በቀጠነ ኮላ እንደ አጥሚት ማቡካት። ይህን በጣት በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ማሸት። ትንሽ ጠበቅ ሲል እርጥበት ባለው፣ ነገር ግን በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግ። የሚጠረገው በማዕዘን ሰያፍ ነው እንጂ በመስመሩ ቀጥታ አይደለም፤ በቀጥታ ከተጠረገ ጨርቁ የሞላነውን መልሶ ያወጣዋል። ቦያካው ከቫርኒሹ በፊት ቢደረግ ካርቶኑ ይቆሽሻል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለወጥ።

5ኛ/ ሥዕል ያለበት ሴራሚክ

በነጭ ብቻ መወሰን ግዴታ አይደለም። በሆላንድ አገር በ17ኛው መቶ ዘመን ዴልፍት በሚባለው ከተማና በሌሎችም ከተሞች 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ነጭ ሴራሚኮች ይሠሩ ነበር። ነጭነታቸው በቆርቆሮ ማዕድን ከተዘጋጀ ልባስ፣ ሰማያዊው ሥዕል ከኮባልት ነው። ያነሣሣቸውም ከቻይና በመርከብ ይመጣ የነበረው ሰማያዊና ነጭ ሸክላ ነው። በሴራሚኮቹ ላይ መርከብ፣ አበባ፣ እንዲሁም የልጆች ጨዋታ ይሣል ነበር።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ ትልቅ ሐሳብ ይሰጣል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ሴራሚክ ወስዶ የሚጫወተውን ጨዋታ ቢሥልበትስ? አንዱ ብይ፣ አንዱ ገበጣ፣ ሌላዋ ሱዚ። በሰማያዊ እስክሪብቶ መሣል ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይታወቅ። የእስክሪብቶ ቀለም በውኃ አይለቅም፤ በጥፍር ቀለም ግን ይሟሟል። የብልቃጥ ቀለም ደግሞ በውኃ ይለቃል። ስለዚህ በእስክሪብቶ ሥሎ፣ መጀመሪያ በቀጠነ ኮላ ሸፍኖ፣ ሲደርቅ ማንጸባረቂያውን መደረብ ነው።

6ኛ/ ክፍል ውስጥ ሲገባ

ሁለተኛውን ግድግዳ ይዤ ወደዚያው ክፍል ተመለስኩ። ተማሪዎቹን «እውነተኛው ግድግዳ ስንት ሴራሚክ ይፈጃል? የእኛስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙዎቹ የእኛ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ይበቃዋል አሉ። ቆጠሩ፤ ሁለት መቶ። የእውነተኛውን አካፍለው አገኙ፤ ሁለት መቶ። «እንዴ! ለምን?» ተባለ። ግድግዳውም ሴራሚኩም በአንድ መስፈርት ስለቀነሱ ቁጥሩ አይለወጥም። ስፋቱ ግን ይለወጣል። እውነተኛው 4 ነጥብ 5 ካሬ ሜትር ነው፤ የእኛ 450 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይኸውም አንድ መቶኛው። ርዝመት በ10 ሲቀንስ ስፋት በ100 ይቀንሳል። ይህን በሰሌዳ ብጽፈው የሚረሱት ነበር፤ በጣታቸው ስለነኩት ግን በሳምንቱ ስጠይቃቸው ራሳቸው አስረዱኝ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በየትምህርት ቤቱ ስንት ያማረ መርጃ መሣሪያ «እንዳይበላሽ» እየተባለ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት አቧራ ይጠጣል! ምላጩን እኛ እንያዝ፤ መለጠፉን፣ መቁጠሩንና መሣሉን ግን ለልጆቹ እንተውላቸው። አንድ ሴራሚክ ቢነቀል ከሻይ ቅጠል ካርቶን ሌላ ይቆረጣል። ያቺ «ደብተር ነው» ያለችኝ ልጅ በሁለተኛው ቀን ግድግዳውን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ አዳመጠችው። ከዚያ ቀና ብላ «ቲቸር፣ እኔም ልሥራ?» አለችኝ። ጠማማው ግድግዳ ያሳፈረኝን ያህል ይህች ጥያቄ ክሳኛለች።