ውሃ በሌለበት ሰደድ እሳትን መከላከል

ከጅግጅጋ ወደ ደገሃቡርና ወደ ጉናጋዶ በሚዘልቀው ደረቅ አገር የብዙ ሰው ውሃ የሚገኘው ከቢርካ ነው። መሬት ተቆፍሮ፣ ዙሪያው በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብቶ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ገንዳ ማለት ነው። ጂላል የሚባለው ደረቅ ወቅት ገብቶ ሣሩ ሲነጣ በቢርካው ውስጥ የቀረችው ውሃ የሰው፣ የግመልና የፍየል ነፍስ ናት። በዚህ ወቅት እሳት ከአንድ ከሰል ማክሰያ አምልጦ ሣር ቢይዝ፣ ያችን ውሃ ቀድቶ የሚደፋበት ማን አለ? ቢደፋስ የት ያደርሳል?

ሰደድ እሳት ሲነሳ የገጠሩ ሰው ያለ ውሃ የሚዋጋው በቆላ ብቻ አይደለም። ምንጭ በሞላበት በባሌና በሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይም መኪና አይወጣም፣ ቱቦ አይደርስም። እዚያም ሆነ እዚህ ዋናው ዘዴ አንድ ነው፦ እሳቱ የሚበላውን ከፊቱ ማንሳት። ይህ ዘዴ የቆየ ሙያ ነው፤ ሊታወቅና ሊከበርም ይገባዋል።

እሳት ሙቀት፣ አየርና የሚቃጠል ነገር ይፈልጋል። ሜዳ ላይ የበረታ እሳትን አየር ማፈን አይቻልም፣ ሙቀቱን የሚያበርድ ውሃም የለም። የሚቃጠለውን ግን ማጭድ፣ ገጀራ፣ ዶማና አካፋ ያነሱታል። ሰዎች ተሰልፈው ሣሩንና ቁጥቋጦውን እየመነጠሩ እስከ ባዶው አፈር ድረስ የተላጨ መስመር ያወጣሉ። የመስመሩን ስፋት የሚወስነው የሚቃጠለው ነገር ቁመት ነው፤ ለአጭር ሣር ጥቂት ሜትር ሲበቃ፣ ከሰው በላይ ለቆመ አስታ ለተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ግን እጅግ ሰፊ ያስፈልጋል። መስመሩ መነሻው መንገድ፣ ወንዝ፣ አለት ወይም ቀድሞ የተቃጠለ መሬት መሆን አለበት። ሜዳ መሃል ከተጀመረ እሳቱ ዞሮ ከሠራተኞቹ ጀርባ ይገባል፤ ሰው የሚሞተው ያኔ ነው።

ቁልቁለትና ዳገት ደግሞ ሌላ ፈተና ናቸው። ነበልባል ዳገት ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ሣር ቀድሞ እያሞቀና እያደረቀ ስለሚሄድ ይፈጥናል። ስለዚህ ከእሳት በላይ ዳገት ላይ መቆም አይገባም። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝና እርጥበቱ ሲጨምር እሳቱ ይደክማል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ዋናውን ሥራ ለሌሊትና ለንጋት ያቆያሉ። እርጥብ ቅጠል ባለው ቅርንጫፍ ሲመታም እሳቱን ወደ መሬት ተጭኖ ማፈን እንጂ ከፍ አድርጎ መደብደብ አይገባም፤ ብልጭታው ተበትኖ ሌላ እሳት ይወልዳል።

ከሁሉም የሚያታልለው ረመጡ ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሳው ቃጠሎ ጠፋ ከተባለ በኋላ በሚያዝያ መጀመሪያ ዳግም ተቀጣጠለ። ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ፣ ዋልያ የሚኖርበት ነው። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አካፋ ይዞ ሲታገል ሰነበተ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። አገራችን ለእንዲህ ያለ ቀን የራሷ የተዘጋጀ ኃይል እንደሌላት ያኔ ሁሉም አየ። ግን አዲስ ነገር አልነበረም። በየካቲት 1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሳው ሰደድ እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን ሲበላ አርሶ አደሩ፣ ወታደሩና ተማሪው በብዙ ሺህ ተሰልፎ ነበር፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካም ባለሙያዎች መጥተው ነበር። በስተመጨረሻ ከሰው ድካም ጋር ዝናብ ደርሶ ነው የበረደው። በሁለቱ ቃጠሎዎች መካከል 19 ዓመት አልፏል። እነዚያ ዓመታት መስመር ለማውጣት፣ መሣሪያ ለማከማቸትና ሰው ለማሠልጠን በቂ ነበሩ።

የባሌ ደጋ እረኞች የሚያውቁትን ግን ብዙ ሰው አይጠይቃቸውም። ከጫካው በላይ አስታ የሚበቅልበት አገር አለ። እረኞቹ ያረጀ አስታ ሲያገኙ በደረቁ ወራት ያቃጥሉታል፤ ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ጥሻው ሲከፈትም አውሬ መደበቂያ ያጣል። በዚያ አካባቢ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ የተቃጠለ አስታ አሥር ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ መልሶ እሳት አይዝም። እረኞቹ ይህን ስለሚያውቁ ያረጀውን ብቻ እየመረጡ ይለኩሳሉ፤ እሳቱ በአንድ በኩል በቅርብ ዓመት የተቃጠለ ለጋ፣ በሌላ በኩል እርጥቡ ጫካ ስለሚገጥመው ቆሞ ይቀራል። የተራራው ገጽ የተለያየ ዕድሜ ባላቸው ቁራጮች ይሸፈናል፤ ለጋው ቁራጭ ራሱ የእሳት መከላከያ መስመር ነው።

ሕጉ ግን እሳትን በጅምላ ይከለክላል፤ ደን ላይ እሳት የለኮሰ ከባድ እስራት ይጠብቀዋል። ደን ለማውደም የሚለኩስ ሰው መቀጣቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ክልከላው ሥራውን የሚያውቀውንና ጥፋተኛውን አይለይም። ቅጣት የሚፈራ እረኛ ለኩሶ ይሮጣል እንጂ ቆሞ አይጠብቅም። ካልለኮሰ ደግሞ አስታው በየዓመቱ እያረጀ፣ ቁራጮቹ እየተያያዙ ሄደው አንድ ቀን በሚመጣ ክብሪት ተራራው በሙሉ ይነዳል። በእኔ እምነት ይህ ክልከላ እንደገና መታየት አለበት።

ክልከላው የሚያመጣውን ጉዳት ቦረናም አይቶታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የግጦሽ መሬት ማቃጠል ሲከለከል ቁጥቋጦው እየወረረ ሣሩን አጠፋው፤ በኋላ ቁጥጥር ያለው ቃጠሎ እንደገና በሙከራ ተጀመረ። በሰሜን አውስትራሊያም የአርነም ላንድ ነባር ሕዝቦች ገና በጋው ሳይበረታ ሣሩን በትንሽ በትንሹ የማቃጠል ሥራቸውን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ እያከናወኑ ነው፤ በጋው ሲጠና የሚነሳው ታላቅ ቃጠሎ ቀንሷል፣ ለሥራውም ክፍያ ያገኛሉ።

ይህ ሁሉ እንዳለ ተቀድቶ ለጉናጋዶ አይሆንም። በግራርና በእሾህ ቁጥቋጦ አገር ሣር ማቃጠል የከብትን እራት ማቃጠል ነው። እዚህ የሚያስፈልገው መስመርና ጥንቃቄ ነው። በደረቅ አገር እሳት እጅግ የሚያሰጋው በድርቁ ዓመት አይደለም፤ ያኔ የሚቃጠል ሣር የለም። የሚያሰጋው መልካም ዝናብ ጥሎ ሣሩ ከቆመ በኋላ የሚመጣው በጋ ነው። ድርቅ ከብቱን ጨርሶ ሲያልፍና ጉ የሚባለው ዋናው ዝናብ ሲዘንብ የሚግጠው እንስሳ ጥቂት፣ ሣሩ ብዙ ይሆናል። አርብቶ አደሩ እፎይ የሚልበት ያ ዓመት ነው መስመር የሚያስፈልገው።

ሰው ለምን ብሎ ለመስመር ይደክማል? ያኔ በባሌ ሥር በነበሩት በአዳባና በዶዶላ በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዋጂብ የተሰኘው የደን ነዋሪዎች ማኅበር መልስ አለው። ከ30 የማይበልጡ አባወራዎች በአንድ ማኅበር ተደራጅተው የተከለለ ደን በውል ይረከባሉ፤ ይኖሩበታል፣ ይጠቀሙበታል፣ ይጠብቁታል። የራሴ ነው የሚለው ሰው ጭስ ሲያይ የቀበሌ ደብዳቤ አይጠብቅም። የግጦሽ መሬትም ባለቤቱ ማን እንደሆነ በግልጽ ሲታወቅ የሚጠብቀው ያገኛል፤ የጎሣ ሽማግሌዎች መሬት የሚከልሉበት ሥርዓት ላለው ለሶማሌ አርብቶ አደር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የቤት ነገር አጭር ነው። ዘሪባ የደረቀ እሾህ አጥር ነው፤ ቤቱም እንጨትና ምንጣፍ። በጂላል በዘሪባው ዙሪያ ከውጭ በኩል ጥቂት ሜትር ሣር መላጨት፣ ከብት ቀድሞ እንዲግጠው ማድረግም ይበቃል። ምድጃው ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይሁን፤ አመዱ አፈር ሳይለብስ አይደፋ። ከሰል የሚያከስል ሰው ክምሩ ሳይበርድ አይራቅ፤ ማር የሚቆርጥም ጭሱን ሳያጠፋ ከዛፍ ሥር አይነሳ።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በመጪው ደይር፣ ማለትም በአጭሩ የዝናብ ወቅት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሣሩ ሳይነጣ፣ ሽማግሌዎችን ጠርታችሁ መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ አብራችሁ ተስማሙ። አካፋውና ገጀራውም በከተማ መጋዘን ሳይሆን በየቀበሌው፣ ከቢርካው አጠገብ ይቀመጥ።