ለመውረድ 9 ዓመት፣ ለመመለስ 21

አሶሳ ላይ ስለ ዝሆን ሲወራ ግሱ ሁሌም ኃላፊ ነው። «በዳቡስ በኩል ይመጣ ነበር፤ ቀርከሃውን ይሰብር ነበር» ይሏችኋል ትልልቆቹ። ስንት ነበሩ ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ «ኧረ ብዙ!» ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ «ብዙ»ን በምን ላባዛው?

ስለዚህ ሂሳቡን መጀመሪያ ቁጥር ካለው እንስሳ፣ ከዋልያ እንማረውና ወደ አሶሳ እንመለሳለን።

ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ውጪ በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቁጥሩ 865 ደርሶ ነበር። በ2017 ደግሞ ዩኔስኮ ከ1996 ጀምሮ «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ውስጥ ያስቀመጠውን ፓርክ ከዝርዝሩ ሲያወጣው ሁላችንም ደስ አለን። በ2024 ግን የቀሩት 306 ብቻ ናቸው ተባለ። በክልሉ ያለው ግጭት ጥበቃውን ሲያላላው ሕገወጥ አደኑ ባሰ።

በ9 ዓመት 559 ጠፉ፤ በአማካይ በዓመት 62 ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ ከሄድን በ5 ዓመት ውስጥ ዜሮ እንገባለን። የእንስሳት ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ በቀጥታ መስመር አይሄድም። የሚወለደውም የሚሞተውም ባለው ልክ ስለሆነ፣ ልክ እንደ ባንክ ወለድ በመቶኛ ነው የሚሠራው። ከ865 ወደ 306 በ9 ዓመት ለመውረድ በየዓመቱ 11 በመቶ ገደማ መቀነስ ይበቃል።

እስቲ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። 306 ጻፉና በ0.89 አባዙ፤ 272። ውጤቱን እንደገና በ0.89 አባዙ፤ 242። እንዲህ እያላችሁ 6 ጊዜ ስትደርሱ 152 ታገኛላችሁ። በ6 ዓመት ግማሹ የለም ማለት ነው።

እዚህ ጋ ነው ተንኮሉ። ቁጥሩ 865 እያለ 11 በመቶ ማለት 95 ዋልያ ነው። 306 ሲሆን ግን 34 ብቻ ነው። «ዘንድሮ የሞቱት ከድሮው ያነሱ ናቸው» የሚል ሪፖርት ብታነቡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ምንም አልተሻሻለም። የሚሞተው ያነሰው የሚሞተው ስላለቀ ነው!

መመለሱስ? ነገ አደኑ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ቁጥሩ በየዓመቱ 5 በመቶ ቢያድግ 865 ላይ ለመድረስ 21 ዓመት ይፈጃል። ግማሹን ያጣ መንጋ ወደነበረበት ለመመለስ 50 በመቶ ሳይሆን 100 በመቶ ማደግ አለበት። ሲወርድ በሩጫ፣ ሲወጣ በእርምጃ።

ካልኩሌተሩ የማያውቃቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ ተራራው ላይ ያለው ሣር ልክ አለው፤ ስለዚህ ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ እድገቱ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ 306ን መቼም በ0.89 አባዝታችሁ ዜሮ አታገኙም፤ ተፈጥሮ ግን ዜሮን ታውቀዋለች። ጥቂት የቀሩ እንስሳትን አንድ በሽታ ወይም አንድ ክፉ ዓመት ሊጨርሳቸው ይችላል።

አሁን ወደ ዳቡስ እንመለስ። ዝሆን 22 ወር ያረግዛል፤ የሚወልደውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሁሉ ነገር ቢመቸው እንኳ መንጋው በዓመት ከ7 በመቶ ብዙም አያልፍም። ፈጣን ሂሳብ ላሳያችሁ፦ 70ን ለእድገቱ መቶኛ ስታካፍሉ እጥፍ የሚሆንበትን ዓመት ታገኛላችሁ። 70 ለ7፣ 10 ዓመት። አንድ አዳኝ በአንድ ሌሊት የሚገድላቸውን 5 ዝሆኖች፣ የቀሩት 5 ለመተካት ከዛሬ ጀምሮ ቢያንስ 10 ሰላማዊ ዓመት ይፈልጋሉ።

አንድ ቆጠራ ቁጥር ይሰጠናል፤ ሁለት ቆጠራ ፍጥነት። የዋልያን ቁልቁለት ማስላት የቻልነው ሁለቱም ስላሉን ነው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ባዮሎጂ የሚማር አለ፤ ሂሳብ የሚወድም አይጠፋም። የዱር እንስሳ ያያችሁበትን ቀንና ቦታ መዝግቡ፤ ለሚመለከተው የጥበቃ መሥሪያ ቤትም ስጡ። ብቻ ቦታውን ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፉት፤ አዳኙም ስልክ አለው።

ያለበለዚያ እኛም ነገ ልጆቻችን ሲጠይቁን «ኧረ ብዙ ነበሩ» ከማለት ሌላ መልስ አይኖረንም።