«ላንድኖርዱር» ስለሚባለው የአቅጣጫ ቃል

የጥንት ኖርዌጋውያን በአራቱ ማዕዘናት መካከል ያሉትን፣ በግእዝ መስዕ፣ አዜብ፣ ሊባና ባሕር የሚባሉትን አቅጣጫዎች የሰየሙት የአገራቸውን ጠረፍ ተመልክተው ነው። «ላንድ» ምድር፣ የብስ ማለት ነው፤ «ኡት» ውጭ፣ ይኸውም ወደ ባሕር ማለት ነው። «ኖርዱር» ሰሜን፣ «ሱዱር» ደቡብ ነው። ስለዚህ በሰሜንና በምሥራቅ መካከል ያለው «ላንድኖርዱር»፣ የየብስ ሰሜን፤ በሰሜንና በምዕራብ መካከል ያለው «ኡትኖርዱር»፣ የውጭ ሰሜን ተባለ። በደቡብም በኩል እንዲሁ «ላንድሱዱር» እና «ኡትሱዱር» ተባለ። በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደ ሰሜን ለሚቀዝፍ ሰው ተራራው በቀኙ፣ ውቅያኖሱ በግራው ነውና ስሙ ከነገሩ ጋር የተስማማ ነበር።

ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ870 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ብዙዎቹ ወደ አይስላንድ ሲሻገሩ ቃሉንም ከዕቃቸው ጋር ጭነውት ሄዱ። አይስላንድ ደሴት ናት። በምሥራቅ ጠረፏ ለሚኖር ዓሣ አጥማጅ «ላንድኖርዱር» የሚያመለክተው ክፍት ባሕርን ነው፤ «ኡትሱዱር» የተባለው «ውጭ» ደግሞ ወደ ደሴቲቱ ተራሮች ይመራዋል። ይህን ያላስተዋለ ተርጓሚ የአይስላንድን ጥንታዊ ታሪክ ቃል በቃል ቢተረጉም መርከቢቱን ከድንጋይ ላይ ያወጣታል። ዛሬ በአይስላንድ «ኖርዳውስቱር»፣ ማለት ሰሜን ምሥራቅ የሚለው ግልጽ ስም ይነገራል፤ የነፋሳቱ ስም ግን አልተለወጠም፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እስከ አሁን «ኡትሲኒንጉር» ነው። በኖርዌይ ምዕራብ ባላገርም ይኸው ነፋስ «ኡትሲኒንግ» ይባላል።

ይህ ነገር ለመጻሕፍት ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። በዕብራይስጥ «ያም» ባሕር ማለት ሲሆን ምዕራብ ማለትም ነው፤ የከነዓን ታላቁ ባሕር በምዕራብ ነውና። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 10 ቁጥር 19 አንበጣውን ከግብፅ የወሰደው የምዕራብ ነፋስ በዕብራይስጡ የባሕር ነፋስ ተብሏል፤ ያ ባሕር ግን ለግብፅ በሰሜን ነው። ቃሉ በከነዓን ሳለ የተቀበለውን ፍቺ ይዞ ወደ ግብፅ ታሪክ ገባ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆኗል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳመለከቱት «ሰሜን» በጥንቱ ግእዝ ደቡብ ማለት ነበር፤ የሰሜን ተራሮች ለአክሱም በደቡብ በኩል ናቸውና። መንግሥቱ ወደ ደቡብ እየራቀ ሲሄድ እነዚያው ተራሮች ለተናጋሪው በስተ ሰሜን ሆኑ፤ በዚህ ጊዜ የተለወጠው የቃሉ ፍቺ ነው፤ ተራሮቹም ስማቸውን እንደ ያዙ ቀሩ።