የታሪፍ አከፋፈልና የተሳፋሪዎች ጤና

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ስለ ትራንስፖርት ይሰጡ የነበሩ ምክሮች በጭምብልና በተሳፋሪ ቁጥር ላይ ያተኩሩ ነበር። የታሪፍ አከፋፈል ብዙም አይነሣም ነበር፤ ሆኖም ሰዎች ተጠጋግተው የሚቆዩበትን ጊዜ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።

ከጎንደር ፒያሳ ወደ ማራኪ በሚሄድ ሚኒባስ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚከፍለው ብር በሌሎች ተሳፋሪዎች እጅ አልፎ ረዳቱ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በዚህ መካከል ሁሉም ይነጋገራል። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽና በንግግር ስለሆነ፣ ከብር ኖቱ ይልቅ በታፈነ አየር ውስጥ ፊት ለፊት መነጋገሩ የበለጠ ያሰጋል።

በሌሎች አገሮች ይህን ጊዜ ለማሳጠር ንክኪ አልባ ካርድ ይሠራበታል። ተሳፋሪው ካርዱን ወደ መሣሪያው ሲያስጠጋ ክፍያው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። የለንደን አውቶቡሶች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ጥቅሙን በቀላል ስሌት እንመልከት፤ 60 ሰዎች በአንድ በር ሲገቡ እያንዳንዱ ለመክፈል 10 ሰከንድ ቢወስድበት የመጨረሻው ሰው 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፤ 1 ሰከንድ ቢወስድበት ግን 1 ደቂቃ ብቻ። ይሁን እንጂ በፍጥነት የገባው ሕዝብ አውቶቡሱን ከመጠን በላይ ካጨናነቀው ትርፉ ይጠፋል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ብር ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር ያግዛል። የምስጢር ቁጥር ማስገባቱ ግን ጊዜ ስለሚወስድ፣ በር ላይ ቆሞ መክፈል ወረፋውን ያረዝማል።

ስለዚህ ሚኒባስም ሆነ ባጃጅ ሲጠቀሙ፦

• መልስ የማያስፈልገው ዝርዝር ገንዘብ ከመሳፈርዎ በፊት ያዘጋጁ፤
• አብረው የሚጓዙ ቤተሰቦች ሂሳባቸውን በአንድ ሰው በኩል ይክፈሉ፤
• በስልክ የሚከፍሉ ከሆነ ከተቀመጡ በኋላ ይክፈሉ፤
• ጭምብልዎን ለመነጋገር ብለው አያውርዱ፤
• የማራኪ ብርድ ቢያስቸግርም መስኮቱን በጥቂቱ ይክፈቱ፤
• ከወረዱ በኋላ እጅዎን በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ ወይም ሳኒታይዘር ይጠቀሙ።

ረዳቱ ቀኑን ሙሉ ከብዙ ሰው ጋር የሚገናኝ በመሆኑ ከማንኛውም ተሳፋሪ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ዝርዝር ይዞ መሳፈር ለእርሱም መጠንቀቅ ነው።