የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በገዛ ሕክምናቸው ያላቸው ድርሻ

በአዳማና በአካባቢው ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ነው። በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች፣ በዝዋይ (ባቱ) የአበባ እርሻዎችና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው። እንዲህ ባለ ስፍራ በተለመደው አሰጣጥ 6 ወር የሚፈጀውን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከፍጻሜ ለማድረስ የጤና ባለሙያው ትጋት ብቻውን አይበቃም። ሕመምተኛው ራሱ የሕክምናው ተካፋይ መሆን ይኖርበታል።

በቀጥታ ክትትል የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ሕክምና (ዶትስ) በኢትዮጵያ በሙከራ መልክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ነበር። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በሌላ ሰው ፊት መዋጡ ያለው ጠቀሜታ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ክትትሉ ከጥበቃ ጋር ከተምታታ፣ ተመልካች በሌለበት ቀን ሕመምተኛው መድኃኒቱን ለምን እንደሚወስድ አያውቅም።

ሕክምና የሚቋረጠው ሁልጊዜ በግድየለሽነት አይደለም። ሳሉ በጥቂት ሳምንታት ሲቀንስለት «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቆም አለ። በሪፋምፒሲን ምክንያት የሽንቱ ቀለም ሲቀላ ደም መስሎት መድኃኒቱን የሚተው አለ። በአንጻሩ ዐይኑ ቢጫ ሲሆን ወይም እይታው ሲደክም ፈጥኖ መምጣት እንዳለበት ያልተነገረው ሰው ችግሩን ችሎ ይቀመጣል። የአገዳ ቆረጣው ሲያበቃ ወደ ቀዬው የሚመለስ ሠራተኛም የዝውውር ቅጽ መያዝ እንዳለበት ካላወቀ ሕክምናው በመንገድ ይቀራል። የዚህ መዘዝ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲሆን፣ ጉዳቱ ለቤተሰብና ለሥራ ባልደረቦችም ይተርፋል።

ሕሙማን ምን ያህል ሊያግዙ እንደሚችሉ ከአማራ ክልል የተገኘ ተሞክሮ ያሳያል። በደቡብ ጎንደር በእስቴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተቋቋሙት የቲቢ ክለቦች በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሕሙማንን ያሰባሰቡ ነበሩ። አባላቱ መሪያቸውን ከመካከላቸው መርጠው እርስ በርስ ይበረታቱ፣ በቀጠሯቸው ቀን ይገኙ፣ የበሽታው ምልክት የታየባቸውንም ሰዎች ወደ ጤና ተቋም ይልኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው የቲቢ ሕሙማን ቻርተርም የሕሙማንን መብትና ኃላፊነት ጎን ለጎን አስቀምጧል።

ይህን በጤና ጣቢያ ሥራ ላይ ለማዋል የሚከተሉት ይጠቅማሉ።

1. ሕክምናው ሲጀመር ማብራሪያውን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛ ወይም ሕመምተኛው በሚገባው ሌላ ቋንቋ መስጠት፤ ከዚያም የተረዳውን በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ መጠየቅ።

2. አክታው በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ወር መጨረሻ ለምን እንደሚመረመር መንገርና ውጤቱን ማሳወቅ።

3. በሕክምናው የሚያግዘውን ሰው ሕመምተኛው ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ።

4. በመጪዎቹ ወራት የት ለመኖር እንዳሰበ አስቀድሞ መጠየቅና ሳይሄድ የዝውውር ቅጹን ማዘጋጀት።

ተካፋይነት ሲባል ግን ኃላፊነቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ መጣል ማለት አይደለም። መድኃኒት ሲጎድል ወይም የክሊኒኩ ሰዓት ከሥራ ሰዓቱ ጋር ሲጋጭ መፍትሔ መፈለግ የሚገባው የጤና ተቋሙ ነው። በመሆኑም ቀጠሮ ያለፈበት ሕመምተኛ ተመልሶ ሲመጣ ከወቀሳ በፊት «ምን አጋጠመዎት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ወቀሳ የጠበቀው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ላይመለስ ይችላልና።