ትንሿ ጭረት፦ ተረቱና እውነታው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚሴን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። በገበያ ቀን ሲኖትራኩ፣ ኢሱዙው፣ ባጃጁና የአህያ ጋሪው እዚህ መንገድ ላይ እየተጋፋ ነው የሚተላለፈው። ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ከጋሪ ጋር ሲተላለፍ የጋሪው ብረት ጎኑን ሲጭረው ቆሜ አይቻለሁ። ወጣቱ ሾፌር ወረደና አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጭረቷን አሻት። ጠፋች። «አብሽር አባቴ፣ ምንም አልሆነም» ብሎ ጋሪ ነጂውን ሸኘው። ምራቁ ሲደርቅ ግን ጭረቷ ተመልሳ መጣች። ጫፏ ላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ምራቁም ያልሸፈናት፣ የምታብረቀርቅ ነጥብ ነበረች።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ ነጥብ ናት። ባጃጅ ለባለቤቱ የቤተሰብ እንጀራ ነው። በዕቁብም በብድርም ተለፍቶ የተገዛ ንብረት ነው። ስለ ቀለም ጭረት ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ምክር ግን ብዙው ከማዳን ይልቅ ያባብሳል። አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ጭረት የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው»

እውነታ፦ የባጃጅም የመኪናም አካል ቀጭን የብረት ላሜራ ነው። በላሜራው ላይ ዝገት የሚከላከለው አንቲረስት ይቀባል፤ ከዚያ ቀለሙ ይከተላል። በብዙ የቤት መኪኖች ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ክሊር የሚባለው መስታወት የመሰለ ሽፋን አለ። ይህ የፋብሪካ ድርብርብ ሁሉ አንድ ላይ ቢለካ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ የአንድ ወይም የሁለት ጸጉር ውፍረት ማለት ነው። ብረቱን ከውሃና ከአየር የሚለየው ይኸው ብቻ ነው።

ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ሲገናኙ ነው። የዛገ ብረት ደግሞ ከቀድሞው 2 እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ዝገቱ ጭረቷ አፍ ላይ አይቆምም፤ ጤነኛ በሚመስለው ቀለም ሥር እየገባ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀለሙ አብጦ ሲፈነዳ ስናይ በሽታው ከጀመረ ሰንብቷል።

ተረት 2፦ «ከሚሴ ቆላ ነው፤ በቆላ ብረት አይዝግም»

እውነታ፦ ሙቀት ማለት ድርቀት ማለት አይደለም። ክረምቱ ይዘንባል፣ በበልግም ይጥላል፤ ቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ ቅርብ ናቸው። ዝናብ በሌለበት ወቅት እንኳን ሌሊት ላሜራው ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይይዛል። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ የብረት ዝገት ይፈጥናል፤ ለዚህ ደግሞ ጎርፍ አያስፈልገውም፣ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚከፋው በፓራፋንጎው ሥር ተጋግሮ የሚቀረው ጭቃ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለቀናት እርጥበት ይይዛል። ፍየልና ከብት የሚጭን ኢሱዙ ላይ ሽንቱ፣ ጨው የሚጭን ላይ ጨዉ ሲጨመርበት ዝገቱ ይብሳል።

ተረት 3፦ «የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል»

እውነታ፦ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስ የሚፈትግ ልም ዱቄት አለ። ይህ ዱቄት የክሊሩን የላይኛ ገጽ በጥቂቱ ስለሚፈትግ፣ ላይ ላዩን የነካች ጭረት ደብዘዝ ትላለች። ለተመሳሳይ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው የመኪና ፖሊሽ ግን የተሻለና እኩል ያደርጋል። ሁለቱም የሚሠሩት በመቀነስ ነው፤ የጎደለ ቀለም አይሞሉም፣ ብረት አይሸፍኑም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥልቀቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ጭረቷን አጥበው ጥፍርዎን በአግድም ይሳቡባት። ጥፍርዎ ካልያዘ ጭረቷ ላይ ላዩን ናት፤ ከያዘ ጠልቃለች። ቀጥሎ በውሃ ያርሷት። ስትርስ የምትጠፋ ከሆነ ፖሊሽ ሊያነሣት ይችላል። ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ከታየ አንቲረስቱ ላይ ደርሳለች። የሚያብረቀርቅ ነገር ካዩ ብረቱ ተራቁቷል፤ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ዝገቱ ጀምሯል። ያ ሾፌር በምራቁ ያደረገው ሳያውቀው ይህንኑ ምርመራ ነበር። ጭረቷ አብዛኛው አካሏ በፖሊሽ የሚድን እንደነበር፣ ጫፏ ግን ቀለም እንደሚፈልግ ምራቁ ነግሮት ነበር።

ተረት 4፦ «ናፍጣ ይቀባ፤ ያብረቀርቃል፣ ዝገትም ያቆማል»

እውነታ፦ ብርሃኑ የዘይት ብርሃን ነው። የዘይቱ ሽፋን ለጥቂት ቀን ውሃ ቢያርቅም አቧራውን ስቦ ይይዛል፤ ያ አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ደግሞ አዳዲስ ጭረት ይፈጥራል። ከሁሉም በላይ በናፍጣ የታሸ ላሜራ ላይ ቀለም አይጣበቅም። ለጊዜው ያማረ መስሎ በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ናፍጣ የነካውን ቦታ ከቀለም በፊት በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ካደረቁ በኋላ ቲነር በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጭረቷን ብቻ በስሱ መጥረግ ይገባል። ቲነር ብዙ ከፈሰሰ ጤነኛውንም ቀለም ያቀልጣል።

ከአቧራው ጋር በተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛውን ጥቃቅን ጭረት የሚፈጥረው ጠዋት ጠዋት ባጃጁን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውለው የገዛ እጃችን ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ከቀለሙ የጠነከረ ነው። መጀመሪያ ውሃ ያፍሱ፣ ከዚያ ይሹ።

ተረት 5፦ «ስቱኮ ዝገቱን አፍኖ ይገድለዋል»

እውነታ፦ ስቱኮ የተሰረጎደን ላሜራ ለማስተካከል የተሠራ ነው፤ እርጥበትም ይመጥጣል። ዝገት ላይ ቢለጠፍ ዝገቱ ከሥሩ ሥራውን ይቀጥላል፣ ስቱኮውም ከነቀለሙ ተፈንቅሎ ይወድቃል። ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ነጩ ብረት እስኪታይ መፋቅ አለበት። ከዚያ በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀባል፤ የተፋቀ ብረት ራቁቱን ካደረ ሌሊቱን እንደገና ይጀምረዋል። ጥፍር ለምታክል ጭረት ስቱኮም አያስፈልግም።

ተረት 6፦ «ሰማያዊ ሁሉ ሰማያዊ ነው»

እውነታ፦ ከሱቅ የተገዛ ሰማያዊ የጥፍር ቀለም ወይም ከበር ቅብ የተረፈ ቀለም ባጃጁ ላይ ሲያርፍ እንደ ልጥፍ ጨርቅ ይለያል። ፀሐይም ቀለምን ታደበዝዛለች። በወንበሩ ሥር ያለው ሰማያዊና ጣራው አካባቢ ያለው ሰማያዊ ከዓመታት በኋላ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ቀለም ለማስቀመም ናሙና የሚወሰደው ከተጫረው ቦታ አጠገብ ነው። የተቀመመውን ቁራጭ ላሜራ ላይ ቀብቶ፣ ሲደርቅ፣ በፀሐይም በጥላም ማስተያየት ይገባል፤ እርጥብ ቀለም ከደረቀው የተለየ መልክ አለው።

ተረት 7፦ «አንድ ጊዜ አወፍሮ መቀባት ይበቃል»

እውነታ፦ ወፍራም ቀለም ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ቲነሩን ከሥር ያፍነዋል። የታፈነው ቲነር መውጫ ሲያጣ አረፋ ይሠራል፤ አለዚያም ቀለሙ ይንጠባጠባል፣ ይሸበሸባል። በከሚሴ እኩለ ቀን እጅ በማይችለው ላሜራ ላይ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በጥላ ሥር፣ ነፋስ አቧራ በማያመጣበት ቦታ ሥራ ይጀመራል። ቀጭን የሥዕል ብሩሽ ወይም የክብሪት እንጨት ጫፍ ይበቃል። ቀለሙ ከጭረቷ እንዳይወጣ ግራና ቀኙን በወረቀት ፕላስተር መያዝ፣ ስስ አድርጎ ማስገባት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ደግሞ መመለስ ነው። ከአካባቢው ትንሽ ከፍ ሲል ይቆማል። ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ በውሃ በራሰ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዝቅ አድርጎ በፖሊሽ ማለስለስ ይቻላል። ዋክስ ለመቀባት ግን ወር ገደማ መታገሥ ይሻላል።

ተረት 8፦ «ፋይበርም ብረትም ያው ነው»

እውነታ፦ ጭረት የሚያገኘው ባጃጅና መኪናን ብቻ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ ላይ ከሚመላለሱት ጀልባዎች ውስጥ የፋይበር አካል ያላቸው አሉ። ፋይበር አይዝግም፤ ይህ ግን ጭረቱ አይጎዳውም ማለት አይደለም። ፋይበሩን የሚሸፍነው ባለ ቀለም ጄልኮት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከመኪና ቀለም በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ጭረት ከዚህ አልፎ ፋይበሩን ከነካ ውሃ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ ከጊዜ በኋላም ያሳብጠዋል። ጥገናውም የተለየ ነው። ተራው ጄልኮት አየር እየነካው ላዩ ስለማይጠነክር፣ ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ ከተሞላ በኋላ በላስቲክ ይሸፈናል። ለብረት ቀዳሚው ዝገትን መከልከል ነው፤ ለፋይበር ቀዳሚው ሳይሞሉ በፊት በደንብ ማድረቅ ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ገንዘብ መጣል ነው።

ተረት 9፦ «ወተት የጠጣ ቀለም ቀቢ ጭሱ አይነካውም»

እውነታ፦ ከሁሉም ተረቶች የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የቲነርና የቀለም ጭስ የሚገባው በሳንባ ነው፤ ከሳንባም ወደ ደም ያልፋል። ወተቱ የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው። መንገዳቸው አይገናኝም። ወተት ለሰውነት ጥሩ ምግብ ነው፤ ጭስን ግን አያጥብም። አፍና አፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ሻርፕም ብናኙን በከፊል ቢይዝ እንጂ ጭሱን አያቆምም። የሚጠብቀው ክፍት አየር፣ ጭስ የሚያጣራ ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ የእጅ ጓንትና የዓይን መከላከያ ነው። በማጠንከሪያ የሚቀላቀሉ የሚረጩ ቀለሞች አስም ሊያመጡ ይችላሉ፤ እነዚህን ያለ ተገቢ መከላከያ ማንም ሊረጭ አይገባም። የቲነር ጭስ በቀላሉ እሳት ይይዛልና የጀበናው ከሰል ከሥራው ቦታ ይራቅ። ለጠጋኙ ባለሙያ ደኅንነት የማያስብ ባለንብረት ስለ ላሜራው ብቻ ማሰቡ ትክክል አይደለም።

ያን ባጃጅ መስከረም ላይ እንደገና አገኘሁት። ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ ሸምገል ያሉ ቀለም ቀቢ ዘንድ ቆሞ ነበር። የምስር ፍሬ ታክል የነበረችው ነጥብ አብጣለች፤ ዙሪያዋ ያለው ሰማያዊ ጤነኛ ይመስላል። ሰውየው የቢላቸውን ጫፍ አስገብተው ቀስ ብለው ሲያነሡት ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተላቀቀ፤ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሞላ ቡናማ ዱቄት ወጣ። እየፋቁ፣ እየነፉ፣ ነጩን ብረት እስኪያገኙ ብዙ ቆዩ።

«ጋሼ፣ ያኔ በሐምሌ ባመጣው ኖሮስ?» አለ ሾፌሩ።

«አንዲት ጠብታ አንቲረስትና አንዲት ጠብታ ቀለም፤ ስትደርቅ ቡና ጠጥተን እንጨርሳት ነበር» አሉት፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ሳያስቀምጡ። ሾፌሩ ዝም ብሎ ሄደና የባጃጁን ሌላኛውን ጎን በጥፍሩ ጫፍ እየዳበሰ መመርመር ጀመረ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።