ሰሜንን የሚያስወጡት ሰዎች

ከጎንደር ተነስቶ፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ደባርቅ ሲደርስ የመጀመሪያ ጉዳዩ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በእግር የሚያይ ሰው እዚያ ተመዝግቦ የመግቢያውን ይከፍላል፤ አብረውት የሚወጡትን ሰዎች የሚያገኘውም እዚያው ከተማ ነው። ስለ ተራሮቹ፣ ስለ ዋልያውና ስለ ጭላዳው ብዙ ተብሏል። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩና ባለ በቅሎው ግን ሲታወሱ አይታይም። ያለ እነሱ ሰሜን ከሩቅ የሚታይ ገደል ብቻ ነው።

ጓዝ ጭኖ ገደል መውጣት በዚህ አገር ከቱሪዝም በፊት የነበረ ሙያ ነው። በምጽዋና በጎንደር መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ ከደባርቅ በስተሰሜን ያለውን የሊማሊሞን ዳገት የሚወጣው ከብቶቹን ጭኖ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው በዚሁ በር ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ገደሉን ጠርበው የመኪና መንገድ አወጡበት፤ የሲራራውም ጭነት እያደር ወደ መኪና ዞረ።

ሥራ የፈታ መንገድ በሌላም አገር ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። በደቡብ ኮሪያዋ ጆንግሰን ባቡር የተወው 7.2 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፣ ጎብኚዎች ሁለትም አራትም ሆነው ፔዳል የሚመታ ጋሪ እየነዱ አገር ያያሉ። ሰሜን ሐዲድ የለውም። ያለው የበቅሎ መንገድ ነው፤ ለዚያም አዲስ ሥራ የሰጠው ፓርኩ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጨው ትጭን የነበረች የበቅሎ ዘር ድንኳን ትጭን ጀመር።

በቡድኑ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ አለው። አስጎብኚው ቋንቋ የሚያውቅ፣ የወፉንና የዛፉን ስም የሚናገር፣ የእንግዳውንም ትንፋሽ የሚከታተል ሰው ነው። ደባርቅ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከዚያ ወዲያ የሚቸኩልን ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። ስካውቱ ጠመንጃውን አንግቶ ከፊት ወይም ከኋላ ይሄዳል። ቡድን ያለ ስካውት አይወጣም፤ ደንቡ ነው። ብዙዎቹ ስካውቶች የዚያው አገር ልጆች በመሆናቸው ጭጋግ ሲወርድ መንገዱን ከዋናው እስከ አቋራጩ ያውቁታል። ምግብ አብሳዩ ደግሞ በብርድና በነፋስ መካከል ትኩስ ሾርባ የሚያደርስ ነው።

የጉዞው ጀርባ ግን በቅሎዋ ናት። ስትጫን ያየ ሰው ሙያነቱን ይረዳል። ባለ በቅሎው በመጀመሪያ ጀርባዋን በእጁ ይዳብሳል፤ ቁስል ካለባት ወይም ቆዳዋ ከተላጠ አይጭናትም። ጀርባዋ ላይ ወፍራም ጨርቅ ይደራርባል፣ ከዚያም ጓዙን በእጁ እየመዘነ ለሁለት ይከፍለዋል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ጭነቱ ዳገት ላይ ይዞራል፤ የዞረ ጭነት ደግሞ በቅሎዋን ገደል ሊከታት ይችላል። ገመዱን በሆዷ ስር አሳልፎ ሲያጠብቅ ጉልበቱን ጎኗ ላይ ያስደግፋል፤ ጥቂት ካስኬዳት በኋላም ቆም አድርጎ እንደገና ይስበዋል። ሆዷን ነፍታ የታሰረች በቅሎ ስትተነፍስ ገመዱ እንደሚላላ ያውቃልና።

እንግዶቹ ገደል ገደሉን ይዘው እያዩ ሲሄዱ፣ ጓዙ በአጭሩ መንገድ ቀድሞ ይሄዳል። የተለመደው ጉዞ ከሳንቃበር ይነሳል፤ የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ ግጭ ያድራል፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ካለው ከእመት ጎጎ አፋፍ ቆላውን ቁልቁል ያያል፣ ከዚያም ዋልያ ወደሚታይበት ወደ ጨነቅ ይወርዳል። ጉልበት ያለው ቧሂትን ተሻግሮ፣ አምቢቆ አድሮ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ያለውን ራስ ዳሸንን ይወጣል። በአስታው ጫካና በጅብራው መካከል ደክሞት የደረሰ እንግዳ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሻይ ተጥዶ ያገኛል።

ይህ ሥራ ለፓርኩም መድኅን ነው። የእርሻና የግጦሽ ጫና ዋልያውን ስላሰጋው ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። መሬቱን ለዱር እንስሳ የለቀቀ ገበሬ ከዱር እንስሳው ሊጠቀም ይገባዋል። ከቡድን ጉዞ የሚገኘው ገንዘብ በቀጥታ የሚደርሰው ለባለ በቅሎውና ለምግብ አብሳዩ ነው፤ የገብስ ማሳው ያልሸፈነውን የልጅ ደብተርና የቤት ወጪ ይሸፍናል።

ዛሬ ግን ይህ ገቢ ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ መጣ፤ በ2021 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት እስከ ዳባት ገጠሮች ደርሶ ሕይወት ቀጠፈ፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት እንግዳውን አራቀ። እንግዳ በጠፋ ቁጥር ባለ በቅሎው በቅሎውን ወደ መሸጥ፣ ወጣቱ አስጎብኚም ወደ ሌላ ከተማ ወደ መሰደድ ይገፋል። የተበተነ ሙያ ደግሞ ሰላም በወረደ ማግስት ተመልሶ አይሰበሰብም።

ስለዚህ ለአገር ልጅ አንድ አደራ አለ። ሰሜን የፈረንጅ ብቻ መንገድ አይደለም። ጓደኛ ሰብስቡ፣ የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ከደባርቅ ሰዎች ጠይቁ፣ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ ሳይደርቅ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ፣ ውጡ። የሌሊቱ ብርድ ውሃ ያረጋልና ወፍራም ልብስ ያዙ። ሂሳቡን ስትከፍሉም ከባለ በቅሎው ጋር አትከራከሩ፤ የድካሙን ዋጋ ስጡት።